ሞተሩን ሽጥልኝ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነኝ፤ በበቆሎ እርሻ መሀል ያለች ትንሽ የአፈር ትራክ ላይ። የሥራ ባልደረባዬ ያን ቀን ማታ አንደኛ ወጥቷል። ፎቶ ተነስቷል፣ ልጆቹ መኪናው ላይ ወጥተው ጨፍረዋል። ዕቃ እየሰበሰብን ሳለ አምስተኛ የወጣው ሰውዬ ወደ ዳኛው ሄዶ አንድ ወረቀት ፈረመ። ዳኛው ወደ እኛ መጣ። ሞተርህን ሊገዛህ የሚፈልግ አለ፣ ትሸጣለህ ወይስ አትሸጥም ብሎ ጠየቀው።

ባልደረባዬ ጓንቱን አወለቀና ኮፈኑን ከፈተ።

የእጅ ባትሪ ያዝኩለት። ሞተሩ ገና እንደጋለ ነው። የራዲያተሩን ውሃ አፈሰሰ፣ የነዳጁን ቱቦ ፈታ፣ ካምቢዮውን የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ አወጣ። ሞተር ማንሻው ፓራንኮ መጣ፣ ሰንሰለቱ ተጠመጠመ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ሲገጣጥመው የከረመው ሞተር እየተወዛወዘ ወጥቶ የሌላ ሰው ፒካፕ ላይ ተጫነ። የተከፈለው ገንዘብ ካወጣው ሩቡን አይሞላም።

እኔ ዘረፋ መሰለኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ንዴቴን ስነግረው፣ መሪውን እንደያዘ "ደንቡን አንብቤ ነው የገባሁት" አለኝ። ትንሽ ቆየና "ለዚህ ምድብ የማይገባ ገንዘብ አወጣሁ" አለ። ቤቱ እስክንደርስ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ይሄ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። አሁን አዳማ ነኝ። ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ብዙ የማይርቅ ጋራዥ አለኝ። ሰሞኑን ግን ያቺ ሌሊት እየተመላለሰች ታስቸግረኛለች፤ ምክንያቱም ሦስት ልጆች መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዱ ረዳቴ ነው። ሁለተኛው ባጃጅ ይነዳል። ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል የወጣ ልጅ ነው። ስልካቸው ላይ የአሜሪካ የአጭር ትራክ ውድድር ሲያዩ ያመሻሉ። እንዲህ ያለ ነገር እኛስ ጋ ለምን አይሆንም አሉኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ፣ ክብ የአፈር መንገድ፣ አሮጌ መኪኖች። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ አለቃ፣ ሞተሩ ምን ይሁን?

ባጃጅ ነጂው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። "ማንኛውም ሞተር ይግባ፣ የቻለ ያሸንፍ" አለ።

ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለሱ ነፃነት ማለት ይሄ ነው። ግን "ማንኛውም ሞተር" የሚለው ቃል ስንት ጥሩ ምድብ እንደገደለ አላየም። እኔ አይቻለሁ።

የአጭር ትራክ ውድድርን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ዙሩ ከአንድ ማይል፣ ማለትም ከ1.6 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ትራክ ነው። ስመ ጥሩው ማርቲንስቪል እንኳ 0.526 ማይል፣ ወደ 850 ሜትር ቢሆን ነው። በየገጠሩ ያሉት አብዛኞቹ ከዚህም ያንሳሉ። በአንድ ምሽት አምስት ስድስት ምድብ ይወዳደራል። ከላይ ሞተሩ ብቻ ወደ 50,000 ዶላር የሚወጣበት አለ። ከታች ደግሞ የአራት ሲሊንደር የቤት መኪና፣ ወንበሩ ወጥቶ፣ መስታወቱ ወጥቶ፣ መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚያድን የብረት ካስቴሎ ተበይዶለት የሚሮጥበት አለ። ወጣቱም፣ ፋብሪካ የሚሠራውም፣ ከልጁ ጋር መኪና የሚፈታው አባትም ያሉት እዚያ ታች ነው። ትራኩን የሚያኖሩት እነሱ ናቸው፤ ላይኞቹን ለማየት ሰው ይመጣል፣ ታችኞቹ ግን ዘመድ ጎረቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ያ የታችኛው ምድብ የሚሞተው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ ሃያ መኪና ይመጣል፣ ሁሉም ቆርቆሮ ነው። አንዱ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስላጫል፣ ኮምፕሬሽኑ (ሞተሩ አየርና ነዳጁን የሚጨምቅበት ልክ) ይጨምራል፣ ያሸንፋል። ሁለተኛው እሱን ለመድረስ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ይቀይራል። ሦስተኛው የተጭበረበረ ካርቡሬተር፣ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ይገዛል። በሁለተኛው ዓመት መኪናው አሥራ ሁለት ነው። በሦስተኛው ዓመት አምስት ሰዎች እርስ በርስ ይሯሯጣሉ፣ የቀሩት አጥር ላይ ቆመው ያያሉ።

አዳማ ላይ ደግሞ ሦስት ዓመትም አይፈጅም። እዚህ አገር መኪና ማለት ቤት ማለት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ዲኤክስም፣ ላዳም፣ ቪትዝም ዋጋዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል፣ አልናገርም። እንዲህ ባለ አገር "የቻለ ያሸንፍ" ማለት ዱባይ ያለ አጎቱ በሻንጣ ፒስተን የሚልክለት ያሸንፍ ማለት ነው።

የአሜሪካ ትራኮች ለዚህ በሽታ ያልሞከሩት መድኃኒት የለም። ከሁሉ የታወቀው በሣጥን ታሽጎ የሚሸጠው የፋብሪካ ሞተር ነው። ጄነራል ሞተርስ የሚሠራው ስድስት መቶ ሁለት የሚባለው ሞተር 5.7 ሊትር ነው፣ 350 የፈረስ ጉልበት አለው። ስድስት መቶ አራት የሚባለው ታላቅ ወንድሙ የአሉሚኒየም ቴስታታ አለው፣ ወደ 400 ፈረስ ይደርሳል። ስማቸው ከመለዋወጫ ቁጥራቸው መጨረሻ የተወሰደ ነው። ፋብሪካው ቴስታታውን፣ ማኒፎልዱን፣ የፊት ሽፋኑንና የዘይት ገንዳውን በልዩ ብሎን አሽጎ ያወጣዋል። ብሎኑ ከተነካ ያስታውቃል። የሁሉም ሞተር አንድ ከሆነ ልዩነቱ የነጂውና የመኪናው አካሄድ ይሆናል፣ ሐሳቡ ይሄ ነው።

ሐሳቡ ሠርቷል፣ እውነት ነው። የ50,000 ዶላሩን ሞተር ፉክክር ያቆመላቸው ብዙ ትራኮች አሉ። ግን ሰው ሰው ነውና ብሎኑን አስመስሎ የሠራም ተገኘ። ሞተሩን ከፍቶ፣ ውስጡን ነካክቶ፣ በሐሰት ብሎን መልሶ ያሽጋል። ከዚያ የውድድር ማኅበራቱ የራሳቸውን ማሸጊያ ማምጣት ግድ ሆነባቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማጭበርበሩ አይደለም። እኔ መካኒክ ነኝ። የታሸገ ሞተር ልጁን እጁን ያስረዋል። እኔ ሞተር የተማርኩት ከፍቼ ነው፤ የፒስተን ፋሻ አውጥቼ፣ የክራንክ ኮሎ አስለክቼ፣ ጓርኒሲዮን ቀዳድጄ፣ ተሳስቼ እንደገና አውርጄ። ረዳቴ ሞተር እንዳይነካ የሚከለክል ውድድር እዚህ ጋራዥ ውስጥ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም የታሸገው ሞተር ሲደክም የተፈቀደለት አዳሽ ዘንድ መላክ አለበት። አዳማ ላይ ማን ይልካል፣ ወዴትስ ይላካል? ለሚኒሶታ ጥሩ ነው። ለኛ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ መለካት ነው። ይሄኛውን እወደዋለሁ። ሞተሩን ራስህ ሥራው፣ ግን እኔ በምለካው ልክ ይሁን ማለት ነው። ከውድድሩ በኋላ ያሸነፉት ወደ መመርመሪያው ቤት ይገባሉ። መጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ቀን ትልቅ ማሽን ነበር የጠበቅሁት። መርማሪው ከደረት ኪሱ ያወጣው ጣት የምታህል ብረት ነው። ባልደረባዬ በሚወዳደርበት ምድብ የሚፈቀደው ሆሊ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው፣ አየር የሚያልፍበት ሁለት ጉሮሮ ያለው ካርቡሬተር ነው፣ ቁጥሩ 4412። የጉሮሮው ጠባብ ቦታ 1 ከ3/8 ኢንች ነው፣ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብረቷ ከዚያ በፀጉር ያህል ትበልጣለች። መርማሪው ጉሮሮው ላይ አስቀመጣትና ለቀቃት። ከቆመች ካርቡሬተሩ አልተነካም፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠች ሰው ሞርዶታል፣ ሽልማቱ የለም። ያን ቀን ቆመች። ባልደረባዬ እስከዚያች ቅጽበት ትንፋሹን ይዞ እንደነበር ያወቅሁት ሲያስወጣው ነው።

አስቡት፣ ያ ሁሉ የገንዘብ ፉክክር በአንዲት የብረት ዘንግ ይቆማል። ኮምፕሬሽኑንም ሞተሩን ሳይፈቱ በካንዴላው ቀዳዳ የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው። የጎማውን ልስላሴ የሚለኩት መርፌዋ ጎማው ላይ በምትጫን፣ የእጅ ሰዓት በምትመስል ትንሽ መለኪያ ነው፤ ኬሚካል ቀብተው ጎማ የሚያለሰልሱ ስላሉ። ጎማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሞተሩን በደንብ ስታስር ገንዘቡ ወደ ጎማ ይሸሻል፣ በየሳምንቱ አዲስ ጎማ የሚገዛው ያሸንፋል። እዚህ ብዙ አልቆይም። አንድ ዓይነት ጎማ፣ ለወቅቱ የተቆጠረ ቁጥር፣ በቃ።

ምርመራ የሌለው ደንብ ወረቀት ነው። ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ማኅበር የመጀመሪያ ትልቅ ውድድር ታሪክም የሚጀምረው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1949 ሻርሎት ከተማ ውስጥ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ባልተነካ መኪና ብቻ የሚል ውድድር ተካሄደ። ግሌን ደናዌይ የሚባል ሰው በፎርድ መኪና ቀድሞ ገባ። ሲመረመር የኋላ ባሌስትራው ተነካክቶ ተገኘ። መኪናው በድብቅ የተጠመቀ አረቄ ሲያመላልስ የነበረ ነው፣ ባሌስትራው የተሻሻለው ጭነቱን ችሎ ከፖሊስ እንዲያመልጥ ነበር። ድሉ ከካንሳስ ለመጣው ጂም ሮፐር ተሰጠ። የመኪናው ባለቤት 10,000 ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ይሄን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ባጃጅ ነጂው ዝም አለ። እሱም ባሌስትራ አስጨምሮ ያውቃል።

ሦስተኛው መንገድ ያ መጀመሪያ ላይ ያወራሁት ነው። ሞተሩን ሽጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 አዮዋ ውስጥ ቪንተን በምትባል ትንሽ ከተማ የተጀመረው ሞዲፋይድ የሚባለው የተሻሻሉ መኪኖች ምድብ በዚህ ደንብ ነው የታወቀው። ኋላ የገባው ነጂ ፊት የገባውን ሞተር አስቀድሞ በተጻፈ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ባለቤቱ እምቢ ካለ ሽልማቱም ነጥቡም ይሄዳል፣ ለተወሰነ ጊዜም ይታገዳል። ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን መኪናውን በሙሉ በተወሰነ ዋጋ ገዝተህ የምትሄድበት የሕዝብ ውድድር አለ፣ ገና የጎረመሱ ልጆች ሳይቀሩ የሚነዱበት።

ውበቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ይሄ ደንብ ምንም አይከለክልህም። ካምሻፍት ቀይር፣ ቴስታታ አስላጭ፣ እንደፈለግህ። ግን ያወጣኸው ገንዘብ ማታ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጅህን ራስህ ትሰበስባለህ። ለኔ ርካሽ ውድድር ማለት ይሄ ነው። ርካሽ ሞተር መሆኑ አይደለም ነገሩ፤ ባለገንዘቡ ገንዘቡን የሚያስገባበት ቀዳዳ ሲያጣ ነው።

ችግርም አለው፣ አልደብቅም። በቂም ሞተር የሚወስድ አለ። ጓደኛሞች ተስማምተው አንዱ የአንዱን ላለመጠየቅ ይማማላሉ፣ ያኔ ደንቡ የሚሠራው እንግዳ ሰው ላይ ብቻ ይሆናል። ባልደረባዬ ያን ሌሊት ሞተሩን የወሰደበትን ሰውዬ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ሰላም አላለውም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። በላዳ ዘመን መካኒክ ነበሩ፣ አሁን ሥራ የላቸውም፣ ግን ጠዋት መጥተው ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም። ወሬያችንን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና "የሰውን ሞተር በግድ ሽጥልኝ ማለት እኛ አገር ጠብ ነው" አሉ።

"ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?" አልኳቸው።

"ዕቁብ አታውቁም እንዴ? ዕጣ አውጡበት!"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲያብራሩት ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ሞተር ያዋጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ነው። ዲኤክስ ከሆነ ዲኤክስ፣ 1300 ሲሲ። ሞተሩ ከገባ በኋላ የማንም አይደለም፣ የማኅበሩ ነው። በየውድድሩ ዋዜማ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰህን ሞተር ገጥመህ ትነዳለህ። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ሞተር የሌላ ነው። ታዲያ ማን ነው ነገ ተቀናቃኙ ለሚነዳው ሞተር ከዱባይ ፒስተን የሚያስመጣ? በኋላ ሳስበው በካርቲንግ፣ ማለትም በትናንሾቹ ክፍት የውድድር መኪኖች ዓለምም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የሞተር ሠሪው ሮታክስ የዓለም ፍጻሜ ላይ ተወዳዳሪዎች መኪናቸውንም ሞተራቸውንም በዕጣ ነው የሚቀበሉት። ጋሼ ግን ከዚያ አልወሰዱትም። ከሰፈር ዕቁብ ነው የወሰዱት።

ሜካኒካል የተማረው ልጅ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። የራሱ ያልሆነ ሞተር ማን ይሳሳለታል? ሁሉም እስከ ጥግ ረግጦት ይመልሰዋል። እውነቱን ነው። ለዚህ የተስማማንበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ እዚህም ይኖራል፤ ሞተሩ ሲገባም ሲወጣም ኮምፕሬሽኑ ይለካና መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ አበላሽቶ የመለሰ ያሳድሳል። ሁለተኛ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ሁለት ቀዳዳ ያለው ስስ ላሜራ ይገባል። ሞተሩ በዚያ ቀዳዳ ብቻ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ብትረግጠውም ከልክ በላይ አይዞርም።

ስለ መለካት ካነሳሁ፣ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ባለፈው እሁድ ረዳቴ የአንዱን ሞተር ኮምፕሬሽን ለክቶ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። መጽሐፉ 12 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይላል፣ ጌጁ 10 ላይ ቆሟል። ሞተሩ አልቋል፣ ፋሻ ይፈልጋል አለ። አላለቀም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ነው፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ጌጁም ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የውጭ ደንብ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። የኛ ቁጥር እዚህ፣ በዚህ አየር፣ በዚሁ ጌጅ የተለካ መሆን አለበት። እስካሁን ያሉንን አራት ሞተሮች አንድ ቀን ለካን፣ ጋሼ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉት። አሁንም አለ።

ርካሽ መሆን የሌለበትንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ካስቴሎው፣ ቀበቶው፣ ሄልሜቱ፣ እሳት ማጥፊያው። እዚያ ላይ ዕጣም ድርድርም የለም። አስፋልት ላይ አንድ ቀን እንኳ ሲሯሯጡ ከሰማሁ ጋራዤ ለነሱ ዝግ ነው። የፈጣን መንገዱን አደጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሜዳውም ገና በወሬ ላይ ነው፣ ወንጂ መስመር ላይ አንድ ገበሬ ከአጨዳ በኋላ አስቡበት ብለዋቸዋል፣ ፈቃዱ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ላሜራዎቹን ለማስቀደድ ሐሙስ ዕለት ቶርኖ ቤት ሄድን። አራት ላሜራ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 24 ሚሊ ሜትር። አንድ የመመርመሪያ ብረትም አስጨመርኩ፣ 24.2፣ እንደዚያ እንደ ሚኒሶታዋ። ባለቶርኖው መጀመሪያ ብረቷን ጨረሰ፣ በዘይት ጨርቅ ጠርጎ ለረዳቴ ሰጠው። ረዳቴ የመጀመሪያውን ላሜራ አነሳ፣ ብረቷን ቀዳዳው ላይ አቆማት። ቆመች። ሁለተኛው ቆመች። ሦስተኛው ላይ በአንደኛው ቀዳዳ ሸርተት ብላ ገባች።

ባለቶርኖው ምንም ሳይናገር ላሜራውን ከእጁ ተቀበለው፣ ብርሃን ላይ አንስቶ አየው፣ ከዚያ ፍርፋሪው መሀል ጣለና አዲስ ብረት ማሰር ጀመረ።